የክላሲካል ዘመን ሙዚቃ ቅርጾችና ጠባዮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያኖ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ተማሪዎችና ወላጆች ስለ ሃይድን፣ ስለ ሞዛርትና ስለ ቤትሆቨን ሙዚቃ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ መልሶቹን አንድ ቦታ መሰብሰብ ፈለግሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምጠቅሳቸው ሥራዎች ሁሉ ዩቲዩብ ላይ ይገኛሉና እያዳመጣችሁ አንብቡ።

"ክላሲካል" ማለት ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ የሚሰማ ሙዚቃ ማለት አይደለም እንዴ?

በእኛ አነጋገር እንዲያ ማለት ሆኗል። ካፌ ውስጥ በሳክስፎን የተጫወቱት ትዝታ ሲከፈት "ክላሲካል ነው" እንላለን፤ የሚሰማንም ሰው ግራ አይገባውም። ይህን አጠራር ላርም አልነሳም። ቃሉ ግን ሌላ ሁለት ትርጉም አለው። ሰፊው ትርጉም በኖታ እየተጻፈ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈውን የአውሮፓ ሙዚቃ በጠቅላላ ይይዛል፤ ባኽም፣ ቾፒንም፣ ስትራቪንስኪም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ጠባቡ ትርጉም አንድን ዘመን ብቻ ይጠራል፤ ከ1750 ገደማ እስከ 1820 ገደማ ያለውን። እዚህ የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

የዘመኑ ሰዎች እነማን ናቸው?

ዋነኞቹ ሦስት ናቸው፦ ዮሴፍ ሃይድን (1732–1809)፣ ቮልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርት (1756–1791) እና ሉድቪግ ፋን ቤትሆቨን (1770–1827)። የቪየና ሰዎች ቢባሉም አንዳቸውም ቪየና አልተወለዱም። ሃይድን ሮራው የምትባል የገጠር መንደር፣ ሞዛርት ሳልዝቡርግ፣ ቤትሆቨን ቦን ተወለዱ፤ ሥራና ሰሚ ፍለጋ ቪየና ላይ ተገናኙ።

1750 እንደ መነሻ የተያዘው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ያረፈበት ዓመት ስለሆነ ነው። ነገር ግን አባትየው በሕይወት እያለ ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል በአዲሱ ስልት መጻፍ ጀምሮ ነበር። ሌላው ልጁ ዮሐን ክርስቲያን ለንደን ተቀምጦ በ1764 የስምንት ዓመቱን ሞዛርት አገኘው፤ የሞዛርት ዜማ ልስላሴ ብዙው ከእሱ የመጣ ነው። ማንሃይም ላይ ዮሐን ሽታሚትዝ፣ ማድሪድ ላይ ቦኬሪኒ፣ በኦፔራው ደግሞ ግሉክ ነበሩ። ራሳቸውን "ክላሲካል" ብለው አልጠሩም፤ ስሙን የሰጣቸው ከእነሱ በኋላ የመጣ ትውልድ ነው።

ሙዚቃው ለምን በዚያ ዘመን ተለወጠ?

የሚከፍለውና የሚያዳምጠው ሰው ስለተለወጠ ነው። የሃይድንን ሕይወት ብቻ ማየት ይበቃል። በ1761 ከኤስተርሃዚ መሳፍንት ጋር ሲዋዋል እንደ ቤት አገልጋይ የደንብ ልብስ ይለብስ ነበር፤ የሚጽፈውም ሙዚቃ የጌታው ነው፣ ለሌላ ሰው መስጠት አይችልም ነበር። በ1779 ውሉ ሲታደስ ያ ክልከላ ቀረ፤ ሥራዎቹን ለአሳታሚዎች መሸጥ ጀመረ። በ1790 ልዑሉ ሲሞት ለንደን ተጋበዘና ትኬት በገዛ ሕዝብ ፊት ሲምፎኒዎቹን (ለኦርኬስትራ የተጻፉ ትላልቅ ሥራዎቹን) አቀረበ።

አሳታሚ ኖታ የሚሸጠው ቤቱ ፒያኖ ላለው ነጋዴና ለልጆቹ ነው። ትኬት የገዛው ሰውም ሙዚቃውን ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ዜማው ቶሎ የሚያዝ፣ አካሄዱ የሚገባ፣ ግን የሚያስገርም ነገር ያለው መሆን ነበረበት። የዘመኑ ግልጽነት ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። "ቀላል" ብሎ መናቅ አይገባም፤ ለመጻፍ እጅግ ከባድ የሆነ ግልጽነት ነው።

ከባሮክ ሙዚቃ፣ ከ1750 በፊት ከነበረው፣ በምን ይለያል?

የባኽን ሥራ ስሰማ ሸማኔ አጠገብ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ክሩ አይቆረጥም። ሦስትና አራት ድምፆች እኩል ክብር ይዘው እየተጠላለፉ ይሄዳሉ፤ አንድ ክፍል የጀመረበትን ስሜት እስከ መጨረሻው ይዞ ይዘልቃል።

በክላሲካሉ ዘመን አንድ ዜማ ከላይ ይወጣል፣ ሌላው ሁሉ ከሥር ያጅበዋል። ለፒያኖ በተጻፈው ውስጥ ግራ እጅ ብዙ ጊዜ ኮርዱን (አብረው የሚሰሙ ድምፆችን) በትኖ ዶ–ሶ–ሚ–ሶ፣ ዶ–ሶ–ሚ–ሶ እያለ ይመላለሳል፤ ይህ አጀብ ዶሜኒኮ አልቤርቲ በተባለ ጣሊያናዊ ስም "አልቤርቲ ቤዝ" ይባላል። ስሜቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ይለዋወጣል፦ ተቆጥቶ የጀመረው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሊስቅ ይችላል። ዝምታም ሥራ ያዘ፤ ባሮኩ እምብዛም አያርፍም፣ እነዚህ ግን ቆም ብለው ያስጠብቃሉ። የድምፅ መጠንም ቀስ እያለ ይጎላል፣ ቀስ እያለ ይከስማል። የማንሃይም ኦርኬስትራ በዚህ ማጉላት በመላው አውሮፓ የታወቀ ነበር።

የሞዛርት ዜማዎች ለምን ጥያቄና መልስ ይመስላሉ?

ስለሆኑ ነው። ግጥም የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይይዘዋል፦ የመጀመሪያው ስንኝ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሁለተኛው ቤት ሲመታ ነገሩ ይዘጋል። በዚህ ሙዚቃም ሐረጎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ባር (ባር በምት የሚለካ እኩል ክፍል ነው) ለሁለት ባር ወይም አራት ባር ለአራት ባር እየተመጣጠኑ ይሄዳሉ።

ቀረብ ብለን እንይ። ሞዛርት በ1787 የጻፈው "ትንሽ የምሽት ሙዚቃ" (ኬ. 525፤ ኬ የሥራዎቹ መዝገብ ቁጥር ነው) የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ የስልክ ጥሪ ሆኖም ሰምታችሁታል። ዋናውን ድምፅ ሁልጊዜ ዶ ብለን ብንጠራው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባሮች እንዲህ ናቸው፦ ዶ፣ ሶ–ዶ፣ ሶ–ዶ–ሶ–ዶ–ሚ–ሶ። ወደ ላይ ይወጣል። ቀጥሎ መልሱ፦ ፋ፣ ሬ–ፋ፣ ሬ–ፋ–ሬ–ቲ–ሬ–ሶ። ወደ ታች ይወርዳል። ምቱ ያው ነው፣ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ። በመጀመሪያው ሐረግ ውስጥ ዶ፣ ሚ እና ሶ ብቻ እንዳሉ፣ ፋ እና ቲ ደግሞ በሁለተኛው ውስጥ ብቻ እንደመጡ ልብ በሉ፤ የሚቀጥለው ጥያቄ እዚያ ላይ ያርፋል።

ጆሮዬ በትዝታ ነው ያደገው፤ ይህ ሙዚቃ ለምን እረፍት የሌለው ይመስለኛል?

ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ጥፋት ቆጥሮት ነው። ጥፋት አይደለም። ጆሯችሁ በትክክል እየሰማ ነው።

ሜጀሩ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው። ፋ እና ቲ የሉትም። የክላሲካሉ ዘመን ሙዚቃ ሞተር ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ቲ ከዶ ሥር በግማሽ ድምፅ ብቻ ርቃ ወደ ላይ ትጎትታለች፤ ፋ ከሚ በላይ በግማሽ ድምፅ ተቀምጣ ወደ ታች ትጎትታለች። ኪቦርድ ካላችሁ ፋ እና ቲን አንድ ላይ ተጫኑና ጣታችሁን ሳታነሱ ቆዩ። የሆነ ነገር እንደጎደለ ይሰማችኋል። አሁን ፋን ወደ ሚ፣ ቲን ወደ ዶ አሻግሩ። ተፈታ። ሶ፣ ቲ፣ ሬ እና ፋ የተሰበሰቡበት ኮርድ "ዶሚናንት ሰቨንዝ" ይባላል፤ ሃይድንና ሞዛርት ትላልቅ ሕንፃዎቻቸውን ያቆሙት በዚህ መወጠርና መፈታት ላይ ነው።

ትዝታ ይህን ጉተታ ስለማያውቅ ባለበት እየዞረ፣ እያዳነቀ፣ ስሜቱን ያጠልቃል፤ ማለቂያውም ስትፈልጉ ነው። የሞዛርት ሙዚቃ መድረሻ አለው፣ ሁልጊዜም ወደዚያ ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ መስፈርት ማዳመጥ ሁለቱንም ይጎዳል። (እዚህ የማወራው ስለ ሜጀሩ ትዝታ ብቻ ነው፤ አንቺ ሆዬን የመሰሉት ቅኝቶች ግማሽ ድምፆች ስላሏቸው ሌላ ወሬ ይፈልጋሉ።)

ሶናታ ፎርም ምንድን ነው?

በጣም ተደጋግሞ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

በመማሪያ መጻሕፍት ሦስት ክፍል አለው ይባላል፦ ኤክስፖዚሽን፣ ዴቨሎፕመንት፣ ሪካፒቹሌሽን። እኔ ለልጆች ሳስተምር ትውውቅ፣ ጉዞ፣ መልስ እላቸዋለሁ። መልስ ያልኩት የሰርጋችንን መልስ አስቤ ነው። ሙሽራዋ ከወላጆቿ ቤት ትወጣለች፤ ከቀናት በኋላ መልስ ይጠራና ከባሏ ጋር ተመልሳ ትገባለች። ቤቱ ያው ነው፤ አሁን ግን ከሌላ ቤት የመጣው ሰውም የዚያ ቤት ልጅ ሆኗል።

በሙዚቃው እንዲህ ይሆናል። በትውውቁ አንድ ዜማ በዋናው ኪ ይጀምራል፤ ኪ ማለት ዶ የምንለው ድምፅ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ነው። ከዚያ ሙዚቃው ተነሥቶ ወደ ሌላ ኪ፣ ብዙ ጊዜ ወደ አምስተኛው (ሶ የነበረው ዶ ወደሚሆንበት)፣ ይሄዳል፤ እዚያ ሁለተኛ ዜማ ይጠብቀዋል። በጉዞው የሰማናቸው ቁርጥራጮች ከኪ ወደ ኪ እየተንከራተቱ ይሰበራሉ፣ ይጋጫሉ። በመልሱ የመጀመሪያው ዜማ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሁለተኛው ዜማም፣ ያ ከሌላ ኪ የነበረው፣ አሁን በዋናው ኪ ይዘፈናል። የቅርጹ እርካታ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ አስተማሪዎች ዜማዎቹ መደጋገማቸውን ያስቆጥራሉ እንጂ የሁለተኛውን ዜማ ቤት መለወጥ አያሰሙም፤ ያኔ ተማሪው ቅርጹን ያውቀዋል፣ ግን አይሰማውም።

ምሳሌ የማደርገው ሞዛርት በ1788 የጻፈውን የሲ ሜጀር ሶናታ (ኬ. 545) የመጀመሪያ ክፍል ነው። እሱ ራሱ በሥራዎቹ መዝገብ ላይ ለጀማሪዎች የተጻፈ ብሎ አስፍሮታል። ሁሉ ነገር በ73 ባር ያልቃል። ዶ… ሚ–ሶ፣ ቲ… ዶ–ሬ–ዶ ብሎ በሲ ሜጀር፣ ማለትም ሲ የሚባለውን ድምፅ ዶ አድርጎ፣ ይጀምራል፤ ግራ እጅ ከላይ ያነሣሁትን አልቤርቲ ቤዝ ይጫወታል። ቀጥሎ ስኬሎች ሽቅብና ቁልቁል ይሮጣሉ፣ ባር 12 ላይ ቆም ይላል። ባር 14 ላይ ሁለተኛው ዜማ በጂ ሜጀር ይገባል። ባር 28 ላይ ትውውቁ ይዘጋል። ጉዞው አጭር ነው፤ መዝጊያዋን ሐረግ ይዞ ድንገት ወደ ማይነር ይጨልማል። ባር 42 ላይ መልሱ ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ተማሪዬ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ባር 42 ላይ ደርሳ እጇን ከፒያኖው አነሣችና "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ቦታው አይደለም!" አለችኝ። ዜማው ያው የመጀመሪያው ነበር፤ ነገር ግን በሲ ሳይሆን በኤፍ ሜጀር ነው የሚገባው። ኖታውን ያላስተዋለች መስሏት ደጋግማ አየችው። ትክክል ነበረች። ሞዛርት ከልማዱ ወጥቶ ዜማውን በተሳሳተ ደጃፍ አስገብቶታል። እውነተኛው ቤት የሚገኘው ባር 59 ላይ፣ ሁለተኛው ዜማ በሲ ሜጀር ሲመጣ ነው። ያን ቀን የሶናታ ፎርምን ትርጉም ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ጆሮዋ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህ ሁሉ ስም የወጣለት በኋላ ነው። ደራሲዎቹ መመሪያ ይዘው አልጻፉም። ሃይድን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዜማ እንኳ አያመጣም፤ በመጨረሻው ሲምፎኒው፣ ቁጥር 104፣ የመጀመሪያ ክፍል ላይ የመጀመሪያውን ዜማ ራሱን ወደ አዲሱ ኪ ይወስደዋል። ስለዚህ ዜማ አትቁጠሩ፤ ቤቱን አድምጡ።

ሶናታ እና ሶናታ ፎርም አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሶናታ ለፒያኖ ብቻ፣ ወይም ለአንድ መሣሪያና ለፒያኖ የተጻፈ፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ክፍል ያለው ሥራ ነው። ሶናታ ፎርም የአንድ ክፍል አሠራር ነው፤ በሲምፎኒም በኳርቴትም ውስጥ አለ። ሶናታ ተብሎ አንድም ክፍሉ በሶናታ ፎርም ያልተጻፈ ሥራም አለ፦ "የቱርክ ማርች" በሚባለው ክፍሉ የሚታወቀው የሞዛርት ኬ. 331።

ሲምፎኒ ለምን አራት ክፍል አለው?

መጀመሪያ ላይ ሦስት ነበር። በሃይድን ዘመን አራት ሆኖ ጸና፦ ፈጣን መክፈቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሶናታ ፎርም፤ ዝግ ያለ ሁለተኛ ክፍል፤ በሦስት ምት የሚደነስ ሚኑዌት፤ ፈጣን መዝጊያ። አድማጩ በመጀመሪያው አእምሮውን ያሠራል፣ በሁለተኛው ያርፋል፣ በሦስተኛው ሰውነቱ ይነቃል፣ በመጨረሻው ተደስቶ ይሄዳል።

ሃይድን ከ100 በላይ ሲምፎኒ ጽፏል። ሁለቱን ግን ሁሉም ሰው ቢሰማቸው ደስ ይለኛል። አንደኛው ቁጥር 94 ነው፣ ለንደን ላይ በ1792 የቀረበው። የሁለተኛው ክፍል ዜማ ሕፃን የሚዘፍነው ዓይነት ነው፦ ዶ ዶ ሚ ሚ ሶ ሶ ሚ፤ ፋ ፋ ሬ ሬ ቲ ቲ ሶ። ከላይ ያየነው የሞዛርት አጽም ራሱ ነው፤ ቤት፣ ከዚያ ጉተታ። ስምንት ባር በቀስታ ይጫወቱታል፣ እንደገና ይበልጥ በቀስታ ይደግሙታል፣ ለመስማት ሰውነታችንን ወደ ፊት ስናዘነብል ባር 16 ላይ ኦርኬስትራው ከነከበሮው በሙሉ ኃይሉ ይመታል።

ሌላው ቁጥር 45 ነው፣ በ1772 የተጻፈው። ልዑሉ በበጋ ቤተ መንግሥቱ ከተለመደው በላይ ስለቆየ ሙዚቀኞቹ ቤተሰባቸውን ናፍቀዋል። ሃይድን አቤቱታ አልጻፈም። በመጨረሻው ክፍል ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ ድርሻቸውን እየጨረሱ፣ ሻማቸውን እያጠፉ ከመድረክ እንዲወጡ አደረገ። በመጨረሻ ሁለት ቫዮሊኖች ብቻ ቀሩ። ልዑሉም ገባው፤ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ፈቀደ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላስታውስም፤ ሁለቱ ቫዮሊኖች ብቻቸውን ሲቀሩ ዛሬም ልቤ ይነካል።

በክፍሎቹ መካከል ማጨብጨብ ነውር ነው?

ዛሬ ባለው ልማድ እስከ መጨረሻው ይጠበቃል፤ በእንግዳ ቦታ ሌላውን ሰው ማየት አይከፋም። በዘመኑ ግን እንዲህ አልነበረም። ሞዛርት በ3 ጁላይ 1778 ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰዎቹን ደስ እንደሚያሰኝ አውቆ ያስገባው ቦታ ሲደርስ ገና መሐል ላይ እንዳጨበጨቡ በደስታ ይነግረዋል።

ሮንዶ፣ ሚኑዌትና ቫሪዬሽንስ?

ሮንዶ አዝማች ያለው ሙዚቃ ነው። አዝማቹ ይመጣል፣ ሌላ ነገር ይከተላል፣ አዝማቹ ይመለሳል፣ ደግሞ ሌላ አዲስ ነገር፣ ደግሞ አዝማቹ። ዘፈን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ የመዝጊያ ክፍሎች በዚህ ይሠራሉ።

ሚኑዌት የመኳንንት ዳንስ ነበር፤ መሐሉ ላይ ትሪዮ የሚባል ለስላሳ ክፍል ይገባና ሚኑዌቱ ይደገማል። ቤትሆቨን አፍጥኖ፣ አሻክሮ ስኬርዞ አደረገው።

ቫሪዬሽንስ ደግሞ አንድ ዜማ ወስዶ ልብስ እያለዋወጡ ማቅረብ ነው። ለጀማሪ የምሰጠው የሞዛርት ኬ. 265ን ነው፤ ዜማው ልጆቻችን ኤ ቢ ሲ ዲ የሚቆጥሩበት የፈረንሳይ የሕዝብ ዜማ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ ይለውጠዋል። ልጅ ያለው ሰው አብሮ ያዳምጠው፤ ልጁ እስከ ስንተኛው ድረስ ዜማውን እንደሚለየው ማየት ያስደስታል።

ኮንቼርቶስ?

አንድ ብቸኛ ተጫዋችና ኦርኬስትራ የሚነጋገሩበት፣ ሦስት ክፍል ያለው ሥራ ነው። መጀመሪያ ኦርኬስትራው ዜማዎቹን ያሰማል፤ ብቸኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ከዚያ በራሱ መንገድ ይገባል። ወደ መጨረሻው ኦርኬስትራው ይቆምና ብቸኛው ያሻውን ይጫወታል፤ ካዴንዛ ይባላል፤ ያኔ አብዛኛውን ጊዜ በቦታው የሚፈጠር ነበር።

የሞዛርት የፒያኖ ኮንቼርቶዎች እስከ 27 ተቆጥረዋል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የዲ ማይነሩ፣ ኬ. 466 ነው። በ11 ፌብሩዋሪ 1785 ቪየና ላይ ሲቀርብ አባቱ ሊኦፖልድ በዚያው ቀን ከሳልዝቡርግ ደርሶ ነበር። በጻፈው ደብዳቤ እንደሚተርከው፣ ሲደርስ ጸሐፊው ኖታውን ገና እየገለበጠ ነበር፤ ልጁም ቅጂውን ሲያርም የመጨረሻውን ክፍል አንዴ እንኳ ለመጫወት ጊዜ አላገኘም። ሞዛርት ለዚህ ኮንቼርቶ የጻፈው ካዴንዛ አልተረፈልንም። ዛሬ ብዙዎች የሚጫወቱት ቤትሆቨን የጻፈለትን ነው።

በማግሥቱ ማታ ሃይድን ወደ ሞዛርት ቤት መጣ፤ አዲሶቹ ኳርቴቶች ተጫወቱለት። ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ሊኦፖልድ ዞሮ፣ ልጅህ ከማውቃቸው ሁሉ የሚበልጥ ደራሲ ነው ብሎ በእግዚአብሔር ፊት መሰከረለት።

ኳርቴት ለምን ይህን ያህል ይከበራል?

ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። መደበቂያ የለውም፤ አንዱ ቢሳሳት ይሰማል። ሃይድን በ1781 በጻፋቸው ስድስቱ (ኦፐስ 33) አራቱን ድምፆች እንደ አራት ተጨዋዋጆች አደረጋቸው፤ አጃቢ የነበረው ቼሎ ዜማ ይይዛል፣ ዜማ የያዘው ቫዮሊን ወደ አጃቢነት ዝቅ ይላል። ሞዛርት መልስ ለመስጠት ስድስት ኳርቴት ጽፎ በ1785 ለሃይድን በስጦታ አበረከተ።

ኦርኬስትራው ምን ያህል ነበር?

ከዛሬው ያነሰ። በ1760ዎቹ የገመድ መሣሪያዎች፣ ሁለት ኦቦ፣ ሁለት ሆርን፣ ከሥር አንድ ባሱን ይበቁ ነበር። ፍሉት፣ ክላሪኔት፣ ትራምፔትና ቲምፓኒ እየተጨመሩ ሄዱ። ቤትሆቨን በ1808 በቀረበው አምስተኛ ሲምፎኒው መዝጊያ ላይ ሦስት ትሮምቦን አስገባ።

ቤትሆቨን የክላሲካል ዘመን ነው ወይስ የሮማንቲክ?

ሮማንቲክ የምንለው ከክላሲካሉ ቀጥሎ የመጣውን ዘመን ነው። ቤትሆቨን አሠራሩን የተማረው ከክላሲካሉ ነው፤ በ1792 ቪየና የገባው ከሃይድን ሊማር ነበር። ገና በ1800 በቀረበው አንደኛ ሲምፎኒው ግን የመጀመሪያዋ ኮርድ ያቺው የጉተታ ኮርድ ናት፣ ያውም ወደ ሌላ ኪ የምትጎትት። ሙዚቃው በቤት አይጀምርም፤ ቤቱን ሲፈልግ ይደርሳል። በ1805 ለሕዝብ የቀረበው ሦስተኛው ሲምፎኒ "ኤሮይካ" የመጀመሪያ ክፍሉ ብቻ 691 ባር ነው። ያቺን የሞዛርት 73 ባር አስታውሱ። ቅርጹ ያው ሶናታ ፎርም ነው፤ ጉዞው ግን የአገር ያህል ረዝሟል። ስለዚህ እኔ የክላሲካል ዘመን ሰው ነው እላለሁ፤ ቅርጹን አልጣለውም፣ መሸከም የሚችለውን ያህል ጫነበት።

በዚያ ዘመን ጥቁር ሙዚቀኞች ነበሩ?

ነበሩ። ሼቫሊዬ ደ ሴን ዦርዥ እየተባለ የሚጠራው ዮሴፍ ቦሎኝ (1745–1799) ጓዴሎፕ ላይ ከባርነት ካልወጣች አፍሪካዊ ዝርያ ካላት እናት ተወለደ። ፓሪስ ላይ በሰይፍ ፍልሚያ፣ በቫዮሊንና በድርሰት ስመ ጥር ሆነ። በ1776 የፓሪስ ኦፔራን እንዲመራ ታጭቶ ሳለ ዘፋኞች በዘሩ ምክንያት ለንግሥቲቱ አቤት ብለው አስቀሩት። ሃይድን ለፓሪስ የጻፋቸውን ስድስት ሲምፎኒዎች ያቀረበውን ኦርኬስትራ የመራው ግን እሱ ነው። የቫዮሊን ኮንቼርቶዎቹን ፈልጋችሁ ስሙ።

ሌላው ጆርጅ ብሪጅታወር ነው። በ1803 ቪየና ላይ ከቤትሆቨን ጋር አንድ ከባድ የቫዮሊን ሶናታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ። በኋላ ሁለቱ ተጣሉ፤ መታሰቢያነቱ ለሌላ ቫዮሊኒስት ተሰጠና ሥራው ዛሬ "ክሮይትሰር" ተብሎ ይጠራል።

"ኬ. 545" ላይ ያለው "ኬ" ምንድን ነው?

ሉድቪግ ኮኸል የሚባል ኦስትሪያዊ ሞዛርት ከሞተ ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ1862፣ ሥራዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል መዝግቦ አሳተመ፤ ኬ የእሱ ስም ነው። ለቤትሆቨን የምናየው "ኦፐስ" የኅትመት ቁጥር ነው።

መማር ብፈልግ ከየት ልጀምር? ኪቦርድ ይበቃል?

አዲስ አበባ ላሉ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። የግል አስተማሪም በየሰፈሩ ይገኛል። ኪቦርዱ 61 ቁልፍ ብቻ ነው ብላችሁ አትዘኑ፤ ሞዛርት የተጫወተበት ፒያኖም አምስት ኦክታቭ፣ 61 ቁልፍ ነበር። አንድ ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሞክሩ። አንድን ቁልፍ በቀስታ፣ ከዚያ በኃይል ንኩ። ድምፁ ካልተለወጠ ተዉት። ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ በ1700 ገደማ ፍሎሬንስ ላይ ፒያኖን የሠራው እንደ ጣቱ ጉልበት የሚጮህና የሚያንሾካሹክ መሣሪያ ስለጠፋ ነበር፤ ከላይ ያየነው የፒያኖ ሙዚቃ የተጻፈውም ለዚያ መሣሪያ ነው። ከተለወጠ ግዙት፤ መጀመሪያ ግራ እጃችሁን ብቻ አስቀምጡና በቀስታ ዶ–ሶ–ሚ–ሶ በሉ።